ይለፍ፦ የምሥጢር ቃል ታሪክና አረጋውያን

«ይለፍ» ሲባል ዕድሜው ለገፋ የአገራችን ሰው በመጀመሪያ የሚታወሰው ወረቀት ነው። በደርግ ዘመን ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ለመጓዝ የተነሣ ሰው ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ወረቀት በኪሱ መያዝ ነበረበት፤ በሰዓት እላፊ ሥራ ከቤቱ የሚያስወጣውም እንዲሁ። ኬላው ላይ ወረቀቱን ያወጣል፤ ጠባቂው አንብቦ ይመልስለታል፤ ያልፋል። ወረቀቱን የረሳ ሰው ወደ መጣበት ይመለሳል እንጂ አእምሮዬ ከዳኝ ብሎ አያዝንም። ዛሬ ለዚያው ሰው «የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» ሲባል ግን የሚጠየቀው በልቡ ያለውን ነው፤ ያውም እንዳይጽፈው፣ ለማንም እንዳይናገረው የታዘዘውን፣ ትርጉም እንዳይኖረውም ተብሎ የተመረጠውን።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ምሥጢር ቃል ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ፣ ደንበኞችን በስልክ ገንዘብ ለማንቀሳቀስ በሚያስችለው አገልግሎት እናስመዘግብ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር የምሥጢር ቃላቸውን በትንሽ ወረቀት ጽፈው በዳዊታቸው ሽፋን ውስጥ አስቀምጠውት አየሁ። «አባባ፣ ይህ አይጻፍም፤ በቃልዎ ነው የሚይዙት» አልኋቸውና ወረቀቱን ተቀብዬ እዚያው ፊታቸው ቀደድሁት። የተማርሁት እንዲያ ነበር። እርሳቸውም አልተቆጡም፤ «እሺ ልጄ፣ ሕጉ ከሆነ» ብቻ አሉ። በሁለት ወር ውስጥ ቃሉ ጠፍቶባቸው ሦስት ጊዜ ተመለሱ። በአራተኛው የመጣው የልጅ ልጃቸው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የመምህሩን የጡረታ ገንዘብ ምሥጢር የያዘው እርሱ ሆነ፤ እርሳቸው ቀሪ ሒሳባቸውን ለማወቅ እንኳ ልጁ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ይጠብቁ ነበር። ምሥጢሩን አስጠብቃለሁ ብዬ ምሥጢሩን ከባለቤቱ እጅ አወጣሁት።

ያን ወረቀት ያስቀደደኝ ሕግ ከየት መጣ? ማን አወጣው፣ መቼስ፣ ለማን ብሎ? እኛ የሙያው ሰዎች ሕጉን ከመምህሮቻችን ተቀብለን ለደንበኛው እናስተላልፋለን እንጂ የትውልድ ሐረጉን ስንመረምር አንታይም። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ይለፍ ቃል ጥንታዊነት ሲነሣ ብዙዎች የሚጠቅሱት በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የተጻፈውን ነው። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር፤ «ሲቦሌት» ያለው ኤፍሬማዊ መሆኑ ታውቆ ይገደላል። በዚያን ጊዜ 42,000 ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል። ነገር ግን በጥንቃቄ ከተመለከትነው ይህ የይለፍ ቃል አይደለም። ቃሉ ምሥጢር አልነበረም፤ የተፈተነውም ምላስ ነው። ዛሬ ሰውን በድምፁና በጣት አሻራው ለመለየት ከሚደረገው ጋር ይበልጥ ይዛመዳል።

እውነተኛውን የይለፍ ቃል የምናገኘው በሮማውያን ጦር ሠፈር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ በታሪኩ ስድስተኛ መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለዚሁ ተግባር የተመረጡ ወታደሮች ወደ አዛዡ ድንኳን ሄደው የሌሊቱን ቃል ይቀበላሉ። ቃሉ ታዲያ በጆሮ ብቻ የሚሰጥ አልነበረም፤ በትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር። ሰሌዳው በምስክር ፊት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተላለፈ ሳይጨልም ወደ አዛዡ መመለስ አለበት። ያልተመለሰ ሰሌዳ ካለ ከየትኛው ክፍል እንደ ጎደለ በምልክቱ ይታወቃል፤ ጥፋተኛውም ይቀጣል። እንግዲህ ጠላት ከምሽጉ ማዶ ባለበት ሠፈር እንኳ ቃሉን በጽሑፍ ማኖር እንደ ጥፋት አልተቆጠረም። የሚያስቀጣው ሰሌዳው የት እንዳለ አለማወቅ ነበር።

ወደ ኮምፒዩተር ስንመለስ ነገሩ የሚጀምረው በ1961 ነው። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ላይ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፈርናንዶ ኮርባቶና የሥራ ባልደረቦቻቸው አንድን ኮምፒዩተር ለብዙ ተመራማሪዎች በአንድ ጊዜ የሚያካፍል ሥርዓት ሠርተው አሳዩ። ሥርዓቱ ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. በሚል ምሕጻረ ቃል ይታወቃል። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር ሰዎች ተራ ጠብቀው የሚገለገሉበት መኪና ስለነበረ የክፍሉን በር መቆለፍ ይበቃ ነበር። አሁን ግን የብዙ ሰዎች ሰነድ በአንድ መኪና ሆድ ውስጥ ገባ፤ ለእያንዳንዱም ተመራማሪ የመኪናው ሰዓት ተመጥኖ ተሰጠው። ስለሆነም እያንዳንዱ ሲገባ የሚተይበው የራሱ ቃል እንዲኖረው ተደረገ። ሊዘነጋ የማይገባው ነገር፣ ይህ ዘዴ የተበጀው በአንድ ግቢ ውስጥ ለሚሠሩ፣ በአብዛኛው ለወጣት ሊቃውንት፣ ለአንድ መኪናና ለአንድ ቃል መሆኑ ነው። የሰማንያ ዓመት አዛውንት በቤታቸው ተቀምጠው ለባንኩ፣ ለስልኩ፣ ለደብዳቤው፣ ለመታወቂያው የተለያየ ቃል እንዲይዙ የሚጠየቁበት ቀን በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም።

ዘዴው ገና ከጅምሩ መፍሰሱም መነገር አለበት። በ1962 አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተመደበለት አራት ሰዓት ለምርምሩ አልበቃውም። የሁሉም ሰው ቃል የተመዘገበበት ሰነድ ታትሞ እንዲወጣ በተበሳ ካርድ ትእዛዝ ሰጠ፤ መኪናውም የታዘዘውን አደረገ። ይህን ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ሸር ተናግሯል። በ1966 ደግሞ አንዱ ሠራተኛ የዕለቱን ማስታወቂያ፣ ሌላው የቃላቱን ዝርዝር በአንድ ሰዓት ሲያርሙ ሁለቱ ጊዜያዊ ሰነዶች ቦታ ተለዋወጡ። ወደ ሥርዓቱ የገባ ሰው ሁሉ በዕለቱ ማስታወቂያ ፋንታ የባልደረቦቹን ምሥጢር ተዘርዝሮ አገኘው። በሁለቱም ጊዜ ምሥጢሩ የወጣው ከሰነድ ክፍሉ ነው፤ የወረቀት ቁራጭ በኪሱ የያዘ ተጠቃሚ በነገሩ የለበትም።

ለዚህ በሽታ መድኃኒት ያገኙት በእንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሮጀር ኒድሃም ናቸው። ቃሉ እንዳለ ከሚቀመጥ፣ ወደ ኋላ በማይመለስ ቀመር ተለውጦ ይቀመጥ አሉ። እህል ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ተመልሶ እህል አይሆንም፤ ሰውየው ሲመጣ ያመጣውን እህል በዚያው ወፍጮ ፈጭቶ ዱቄቱን ከዱቄት ማመሳከር ብቻ ነው። ይህ አሠራር በ1968 በሞሪስ ዊልክስ መጽሐፍ ተገልጾ ለሙያው ሰዎች ታወቀ። በ1979 የቤል ቤተ ሙከራው ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ባሳተሙት ጽሑፍ ዱቄቱ ላይ «ጨው» ጨመሩበት፤ የሁለት ሰዎች ቃል አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ዱቄታቸው እንዳይመሳሰል በየቃሉ ላይ ልዩ ቁጥር መነስነስ ማለት ነው። ቃሉ ዛሬም ጨው ይባላል።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅም ቁጥር አለ። ሞሪስና ቶምፕሰን ከተጠቃሚዎች ለረጅም ጊዜ የተሰበሰቡ 3,289 የምሥጢር ቃላት መርምረው ነበር። 15ቱ አንድ ምልክት ብቻ፣ 72ቱ ሁለት፣ 464ቱ ሦስት ብቻ ነበሩ። ከመዝገበ ቃላትና ከስም ዝርዝር የተገኙትን ጨምሮ 2,831ዱ፣ ማለትም ከመቶ 86ቱ፣ ያለ ብዙ ድካም የሚገኙ ሆኑ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚነካ ሰው የሙያው ሰው እንደ ነበረ አንርሳ። ደካማ ቃል መምረጥን የአረጋውያን ጠባይ አድርገን ስንናገር በእኛው አንጋፋዎች ላይ የተመዘገበውን ይህን መረጃ መዘንጋታችን ነው።

ከቃሉ ጎን ለጎን የቁጥሩም ታሪክ ይሄዳል። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ጉድፌሎ በ1966 ካርድን ከምሥጢር ቁጥር ጋር ያጣመረ የፈጠራ መብት አስመዝግበው ነበር። በ1967 ጁን 27 ቀን ደግሞ በለንደን ዳርቻ በኤንፊልድ የባርክሌይስ ባንክ ገንዘብ የሚከፍል መኪና ሥራ ጀመረ። ሠሪው ጆን ሼፐርድ-ባሮን ቁጥሩን ስድስት አሃዝ ሊያደርጉት አስበው ነበር፤ የራሳቸውን የውትድርና ቁጥር ያስታውሱ ነበርና። ማዕድ ቤት ተቀምጠው ባለቤታቸውን ካሮላይንን ቢጠይቋቸው ከአራት አሃዝ በላይ አልይዝም አሏቸው። አራት አሃዝ የዓለም ልማድ የሆነው ከዚህ ተነሥቶ ነው ሲሉ ሼፐርድ-ባሮን ኋላ ተርከዋል። ለእኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይህ የማዕድ ቤት ጥያቄ ነው፤ አንድ መሐንዲስ ሥራውን ከመጨረሱ በፊት «ይህን ልትይዢው ትችያለሽ?» ብሎ ሰው ጠየቀ። አራት አሃዝ 10,000 ዓይነት ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቢሆንም ጥቂት ጊዜ የተሳሳተውን መኪናው ስለሚከለክለው በቂ ሆኖ ኖሯል። ሸክሙ ከሰውየው አእምሮ ላይ ተቀንሶ በመኪናው ላይ ተጫነ ማለት ነው።

በቃሉ በኩል ግን ማንም አልጠየቀም። በ1985 የዩናይትድ ስቴትስ መከላከያ ሚኒስቴር ከሽፋኑ ቀለም የተነሣ «አረንጓዴው መጽሐፍ» የተባለውን የምሥጢር ቃል አያያዝ መመሪያ አወጣ። ተጠቃሚው ቃሉን በቃሉ እንዲይዝና እንዳይጽፈው፣ ከአንድ ዓመት በላይም እንዳይጠቀምበት የሚለው እዚያ ይገኛል። የሚያስገርመው መመሪያው ወዲያው ቀጥሎ፣ መጻፍ ግድ ከሆነ የተጻፈው ቢጠፋ በሚያስከትለው ጉዳት መጠን ይጠበቅ ማለቱ ነው። ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ወደ ሥልጠናው፣ ከሥልጠናው ወደ ግድግዳ ማስታወቂያው ሲሻገር በመንገድ ቀረ። ለእኔ የደረሰኝ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለነገሩ መመሪያው የተጻፈው ብዙ ሠራተኞች በአንድ ቢሮ ለሚቀመጡበት፣ በጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ለባልደረባና ለጽዳት ሠራተኛ ሁሉ ለሚታይበት የጦር መሥሪያ ቤት ነበር። ለዚያ ቦታ ትክክል ነው።

በ2003 የዚያው አገር ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ ቢል በር (ስማቸው በፊደላችን ሲጻፍ በር መሆኑ አጋጣሚ ነው) ለአንድ የመንግሥት መመሪያ አባሪ አዘጋጁ። ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል፣ አኃዝና ልዩ ምልክት የተደባለቀበት፣ በየጊዜውም የሚለወጥ ቃል የሚለው ምክር ከዚህ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ መሥሪያ ቤቶች እንዳለ ቀዱት። ውጤቱ ምን ሆነ? ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ አደረገ፣ መጨረሻ ላይ ዓመቱን ጻፈ፣ የመለወጫው ቀን ሲደርስ ቁጥሩን በአንድ ጨመረ። ሌባውም ይህን ልማድ ተማረው። ቢል በር በ2017፣ በ72 ዓመታቸው፣ ጡረታ ወጥተው ሳለ፣ ካደረጉት አብዛኛው አሁን እንደሚጸጽታቸው ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ተናገሩ። በእጃቸው በቂ መረጃ ስላልነበራቸው በ1980ዎቹ በተጻፈ ጽሑፍ ላይ መደገፋቸውንም አልሸሸጉም። እንዲህ ያለ የአደባባይ ቃል በሙያችን ብዙ አይሰማምና ሊከበሩበት ይገባል።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ ተቋሙ አዲስ መመሪያ አወጣ። የፊደልና የምልክት ድብልቅ በግድ አይጠየቅ፤ ቃሉ መሰረቁ ካልታወቀ በቀር በቀን ቆጠራ አይለወጥ፤ ርዝመት ይበረታታ፣ እስከ 64 ምልክት ይፈቀድ፤ አዲስ ቃል ሲመረጥ ቀድሞ ከተሰረቁት ዝርዝር ጋር ይመሳከር አለ። በ2025 የወጣው እትም ደግሞ ቃሉ ብቻውን በር የሚከፍት ከሆነ ከ15 ምልክት እንዳያንስ ያዝዛል። ሕጉ እንግዲህ ተሽሯል። የተሻረውን ሕግ ዛሬም በየመስኮቱ የምናስከብረው እኛ ነን።

እስካሁን ስለ መኪናው ተናገርን፤ ስለ ሰውየውስ? ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተሙት ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሳቸው ላይ እየሞከሩ የመርሳትን መጠን ለክተው ነበር። የተጠናው አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ይጠፋል። ልብ እንበል፤ እኚህ ሰው ወጣት ምሁር ነበሩ፤ የያዙትም ቃል እኛ ዛሬ «ጠንካራ» ብለን ለአረጋውያን ከምንሰጠው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ዕድሜ የሚጨምረው ችግር የተለየ ነው። ሞሼ ናቬ-ቤንጃሚን በ2000 እንዳሳዩት በዕድሜ የገፋን ሰው ይበልጥ የሚያስቸግረው የማይዛመዱ ሁለት ነገሮችን አዲስ ማጣመር ነው፤ ይህ ቃል የዚህ ባንክ፣ ያ ቃል የዚያ ስልክ ብሎ መያዝ። የቃላት ሀብቱ ግን አይጎድልም፤ እንዲያውም ዕድሜ ያበዛዋል።

ይህን ለመረዳት ለእኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከላይ ያነሣኋቸው መምህር በልጅነታቸው ከየኔታ እግር ሥር የተማሩትን 150 መዝሙር ሳያዩ ይደግሙታል። ዜማ፣ ትርጉምና የዕለት ድግግሞሽ ያለው ነገር ሰባ ዓመት ይቆያል። ስምንት የተዘበራረቁ ምልክቶች ግን እስከ ሰኞ አይቆዩም። ታዲያ የመዝሙር አንድ ስንኝ የይለፍ ቃል ይሁን? ብዙዎች ይህን ይመክራሉ፤ እኔ አልስማማም። የቅዱሳት መጻሕፍት ቃል፣ ምሳሌያዊ ንግግርና ታዋቂ ዘፈን ሁሉ በሌባው ዝርዝር ውስጥ ቀድሞ የገባ ነው። ከልጅነት ትምህርት ልንወስድ የሚገባን ዘዴውን ነው፤ ትርጉም ያለው ቃል፣ ድምፅ ወጥቶ የሚደገም።

ዘዴውን ከቁጥር ጋር ያገናኙት አርኖልድ ራይንሆልድ ናቸው። በ1995 ባቀረቡት ዳይስዌር በተባለው አሠራር አንድ ሰው ባለ ስድስት ገጽ የጨዋታ ዳይስ አምስት ጊዜ እየጣለ ከ7,776 ቃላት ዝርዝር ውስጥ አንድ ቃል ያወጣል፤ ይህንኑ እየደጋገመ ብዙ ቃላት ይደረድራል። በዘፈቀደ የተመረጡ ስምንት ትናንሽ የላቲን ፊደላት ወደ 209 ቢሊዮን የሚጠጋ አማራጭ ይሰጣሉ። በዚህ መንገድ የወጡ አራት ተራ ቃላት ግን ከዚያ ከ17,000 ጊዜ በላይ ይሰፋሉ። «ጀበና፣ ዝናብ፣ መሰላል፣ ብርቱካን» ብሎ አንድ ጊዜ ያሰበ ሰው፣ በዝናብ መሰላል ላይ ቆሞ ጀበና ይዞ ብርቱካን የሚለቅም አንድ ሞኝ ታይቶት ሲስቅ ያድራል፤ የሳቀበትንም አይረሳም። (እነዚህን አራቱን አሁን ስላተምኋቸው ማንም አይጠቀምባቸው።) ዋናው ነገር ቃላቱን ሰውየው ከሐሳቡ አለመምረጡ ነው። ከሐሳባችን ስንመርጥ የልጃችንን ስም፣ የትውልድ ቀያችንን፣ የምንወደውን ታቦት እንመርጣለን። ዳይስ ከሌለ መዝገበ ቃላትን ዓይን ጨፍኖ እየገለጡ ጣት ያረፈበትን መውሰድ ይቻላል፤ እንደ ዳይሱ ፍጹም ባይሆንም። የብሪታንያ ብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ማዕከልም ሦስት የማይዛመዱ ቃላት ማጣመርን ለሕዝብ ሲመክር ቆይቷል።

እዚህ ላይ የእኛ የሆነ፣ በውጭ መጻሕፍት የማይገኝ እንቅፋት ይመጣል። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ስለገባ፣ የ2017ቱም መመሪያ የዩኒኮድ ፊደላትን መቀበል ስለሚያበረታታ፣ በአማርኛ ቃል መጠቀም በመርህ ደረጃ ይቻላል። ነገር ግን «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንድ አዛውንት ዛሬ በፀሐዩ ፀ፣ ነገ በጸሎቱ ጸ ይጽፉታል፤ ሐመሩን ሐ በሀሌታው ሀ ይለውጡታል። ለአንባቢ ቃሉ ያው ነው። ለመኪናው ግን ሌላ ቃል ነው፤ «ስሕተት» ይላል። አዛውንቱ ቃሉን አልረሱም፤ በትክክል አስታውሰዋል። የተሳሳተው ሞክሼ ፊደል ነው። በላቲን ፊደል ቢጽፉትም መከራው አይቀርም፤ የጸን ድምፅ አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሁለት ፊደል ይጽፈዋል፣ ያውም በየቀኑ ሳይመሳሰል። በመስኮቱ ማዶ ተቀምጠን «ረሱት» ብለን ከምንመዘግበው ውስጥ የፊደሉ ድርሻ ስንት እንደሆነ ተመልክተን አናውቅም።

ሌላው ባዕድ ሸክም የማረጋገጫ ጥያቄው ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወላጆቻቸውን ወደዚያ ሲያስመጡ ባንኩ «የእናትዎ የቀድሞ የቤተሰብ ስም ማን ነው?» ይላቸዋል። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለውጥ ጥያቄው ለእናታችን አይሠራም። ቢመለስም መልሱን ዘመድ አዝማድ፣ ዕድርተኛና የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የልደት ቀንም ቢሆን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓ? በየሰነዱ የተለያየ ቀን ያላቸው አዛውንት ስንት ናቸው!

የተቀደደውን ወረቀት ነገር ልጨርስ። አን አዳምስና አንጄላ ሳስ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ተጠቃሚው ሕግ የሚጥሰው ሕጉ ሊፈጸም የማይችል ሆኖ ሲያገኘው መሆኑን አሳይተው ነበር። በ2005 ብሩስ ሽናየር የተባሉት የታወቁ የምሥጢራዊ ጽሕፈት ሊቅ ጠንካራ ቃል መርጦ በትንሽ ወረቀት መጻፍና ከገንዘብ ጋር በቦርሳ መያዝ ይሻላል ብለው በግልጽ መከሩ፤ ሰው ትናንሽ ወረቀቶችን መጠበቅ ያውቅበታልና። የሩቅ አገር ሌባ በአውታረ መረብ ገብቶ የአዛውንቷን ሣጥን አይከፍትም። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን የኮርባቶ ነው። ያ ሁሉ ነገር የጀመረባቸው ሰው በ2014፣ በ87 ዓመታቸው፣ የይለፍ ቃል ነገር ቅዠት መሆኑን ለዚያው ዎል ስትሪት ጆርናል ሲናገሩ፣ ወደ 150 የሚጠጉ ቃላቶቻቸውን በሦስት ገጽ ወረቀት ላይ ተይበው ይይዙ እንደ ነበር አልደበቁም። እኔ ብሆን ኖሮ የእርሳቸውንም በቀደድሁት ነበር።

ወረቀት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የአራት አሃዙ ቁጥር ከካርዱ ጋር በአንድ ቦርሳ ከተቀመጠ ሁለቱ አብረው ይሰረቃሉ። የቤት ውስጥ ዘመድ የሚያሰጋቸውም አረጋውያን አሉና ለእነርሱ ሣጥኑ መቆለፍ፣ ቃሉም በግማሽ ተጽፎ ግማሹ በልብ መያዝ ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ማንቀሳቀስ ገጠር ድረስ ዘልቋል፤ ከአረጋውያን ገንዘብ የሚወስደው አጭበርባሪም ብዙውን ጊዜ ቃሉን ገምቶ ወይም ወረቀቱን ሰርቆ አይደለም። ደውሎ «ከባንክ ነው የምደውለው እናቴ፣ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ብሎ ነው። በአክብሮት ለጠየቀ ሰው እንቢ ማለት ነውር ሆኖ ለተማረ ትውልድ ከባዱ ነገር ይህ ነው። የምክር ጊዜያችን ግማሹ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀት ስንቀድ የምናጠፋው ጊዜ ከዚህ የተቀነሰ ነው። የጣት አሻራም ሆነ በ2022 ትላልቆቹ ኩባንያዎች በጋራ የተስማሙበት ያለ ቃል የመግቢያ ዘዴ ብዙ ያቃልላል ይባላል። ይሁን እንጂ በሥራና በዕድሜ ያለቀ ጣት በመሣሪያው ለመነበብ እንደሚያስቸግር በየመስኮቱ የምናየው ነው።

እኔ አሁን አረጋውያንን ስረዳ ከኢሜይሉና ከገንዘቡ እጀምራለሁ፤ በኢሜይሉ የገባ ሰው የሌሎቹን ሁሉ ቃል መለወጥ ይችላልና። ለእነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ባለ አራት ቃል ሐረጎች በመዝገበ ቃላት እናወጣለን፤ በዚያው ሰዓት ጮክ ብለን እንደጋግማለን፤ በማግሥቱና በሳምንቱ ደውዬ «ገብተው ያውቃሉ?» እላለሁ፣ ቃሉን ግን አልጠይቅም። የቀሩትን ደብተር ይያዛቸው። ባለፈው ዓመት የረዳኋቸው አንዲት እናት ደብተራቸውን ከቤታቸው ካርታና ከልጆቻቸው ፎቶግራፍ ጋር በሣጥን ቆልፈው አኑረውታል። አንድ ቀን ሲከፍቱት አጠገባቸው ነበርሁ። «አታይብኝ» አሉኝና በነጠላቸው ሸፈኑት፤ እኔም ፊቴን አዞርሁ። ኋላ ግን ራሳቸው አንዱን መስመር በጣታቸው ከልለው ከጎኑ የጻፉትን ብቻ አሳዩኝ፤ «በንጉሡ ሠ» ይላል።